በካውንቲ የማኅበራዊ አገልግሎት መምሪያ የግራንት ኢንተርንሺፕ፦ ለአንዲት ተማሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። በሜሪላንድ የሚኖሩ የሕዝብ አስተዳደር የማስተርስ ተማሪ በአንድ ካውንቲ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት መምሪያ፣ በግራንት (ለተወሰነ ሥራ የሚሰጥ የማይመለስ ገንዘብ) ክፍል ውስጥ ለአንድ ሴሚስተር ኢንተርን ሆነው እንዲሠሩ ተጋብዘዋል። ክፍያ የለውም፤ የትምህርት ክሬዲት ግን ይያዝላቸዋል። «እንግሊዝኛ በጥንቃቄ እጽፋለሁ እንጂ ብዕሬ ያማረ አይደለም። ከመጀመሬ በፊት ምን ላጥና? እዚያስ በእርግጥ የምሠራው ምንድን ነው? ወደፊትስ የእኛን ማኅበረሰብ ድርጅቶች ለመርዳት ይጠቅመኛል ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሴን ላስቀድም፤ ግብዣውን ይቀበሉ። ይህን የምለው ሥራው የጽሑፍ ችሎታዎን ስለሚያሻሽል ብቻ አይደለም። በእንዲህ ያለ መምሪያ ውስጥ ለዓመታት ማመልከቻ ሳዘጋጅ፣ አንዳንዴም በገምጋሚነት ተቀምጬ ለሌሎች ማመልከቻ ነጥብ ስሰጥ፣ ማመልከቻ በብዛት የሚወድቀው እንግሊዝኛው ስላላማረ ሳይሆን በአንዱ ገጽ የተባለው በሌላው ገጽ ከተባለው ጋር ስለማይስማማ መሆኑን አይቻለሁ። የግራንት ማመልከቻ ቃል የሚገባበት ሰነድ ነው። «በዓመት 120 ቤተሰቦችን እናገለግላለን» ተብሎ የተጻፈው ዐረፍተ ነገር ገንዘቡ ሲፈቀድ በስምምነቱ ውስጥ ግዴታ ሆኖ ይገባል፤ ግዴታውን የሚሸከመው ደግሞ ጸሐፊው ሳይሆን ስልክ የሚያነሳውና ቤት ለቤት የሚሄደው ኬዝ ማናጀር፣ ማለትም የቤተሰቦችን ጉዳይ የሚከታተለው ሠራተኛ ነው፤ ቃሉ ሲጎድል የሚጎዳው አገልግሎቱን ብሎ ስሙን ያስመዘገበው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ አንድ ኢንተርን ለመምሪያው ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ ጥቅም እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ እያንዳንዱንም ቃል ማን እንደሚፈጽመው እስከ ምንጩ ተከታትሎ ማረጋገጥ ነው። በጥንቃቄ እጽፋለሁ ማለትዎ ያስደሰተኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሊያጠኑት የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ገንዘቡ የሚጓዝበት መንገድ ነው። የካውንቲ የማኅበራዊ አገልግሎት ግራንት በአመዛኙ ከፌዴራል መንግሥት ተነስቶ በቀጥታ ወይም በስቴቱ በኩል ወደ ካውንቲው ይደርሳል፤ ካውንቲውም ከፊሉን ራሱ ይሠራበታል፣ ከፊሉን ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያስተላልፋል። እያንዳንዱ ምንጭ የራሱ ሕግና የራሱ ጠባይ አለው። ለምሳሌ በ1974 በወጣው የቤቶችና የማኅበረሰብ ልማት ሕግ የተቋቋመው የማኅበረሰብ ልማት ብሎክ ግራንት (ለሰፊ ዓላማ በጥቅል የሚሰጥ ገንዘብ)፣ በምሕጻረ ቃል ሲዲቢጂ የሚባለው፣ ለትልልቅ ከተሞችና ካውንቲዎች በቀመር በቀጥታ ይከፋፈላል። ቢያንስ 70 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ጥቅም መዋል አለበት፤ በቀጥታ ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውለው ድርሻ ግን በመሠረቱ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። የሕፃናት መዋያ፣ የአረጋውያን ምግብ፣ የሥራ ሥልጠና ብለው የሚያመለክቱ ሁሉ በዚህ ጠባብ ድርሻ ውስጥ ስለሚጋፉ ያንኑ ሐሳብ ለሌላ ምንጭ ማቅረብ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1981 የተቋቋመው የማኅበረሰብ አገልግሎት ብሎክ ግራንት ደግሞ በስቴቶች በኩል ያልፋል፤ ስቴቱ ቢያንስ 90 በመቶውን ድህነትን ለመዋጋት ለተቋቋሙ የአካባቢ ኤጀንሲዎች ማስተላለፍ አለበት፤ ከኤጀንሲዎቹ የቦርድ አባላትም ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ነዋሪዎች የሚወክሉ መሆን አለባቸው። ለአረጋውያን የሚሰጠው ምግብና የቤት ውስጥ እርዳታ በ1965 ከወጣው የአረጋውያን አሜሪካውያን ሕግ ጋር ይያያዛል። ይህን ሁሉ በቃል ማጥናት አያስፈልግዎትም፤ የመምሪያዎ ገንዘብ ከየትኞቹ ምንጮች እንደሚመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቀው የእነዚያን ደንብ ብቻ ያንብቡ። የቀን አቆጣጠሩንም ያስተውሉ፤ የፌዴራሉ በጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ሲጀምር የሜሪላንድ ስቴትና የካውንቲዎቹ በጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል፤ አንድ ፕሮጀክት በሁለት የበጀት ዓመታት ላይ ሲወድቅ የሚፈጠረው ግራ መጋባት ከዚህ ይነሳል።

ሁለተኛው የማስታወቂያ አነባበብ ነው። ገንዘብ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሚያወጣው የድጋፍ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠር ገጽ አለው፤ አዲስ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በቅደም ተከተል ያነበዋል። እኔ የምመክረው ከነጥብ አሰጣጡ እንዲጀምሩ ነው። ለችግሩ ገለጻ 20 ነጥብ፣ ለአሠራሩ 35፣ ለድርጅቱ ብቃት 15 ተብሎ ከተመደበ፣ ገምጋሚው ወረቀት ይዞ የሚቀመጠው በዚያ ክፍፍል መሠረት ነውና የእርስዎም ጽሑፍ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው አርእስት፣ ከተመደበው ነጥብ ጋር በሚመጣጠን ርዝመት መቅረብ አለበት። ቀጥሎ ማን ማመልከት እንደሚችልና ገንዘቡ ለምን እንደማይውል የሚናገሩትን ክፍሎች ያንብቡ፤ አንድ መምሪያ ለሳምንታት ከደከመ በኋላ ብቁ አለመሆኑን የሚያውቀው እነዚህ ክፍሎች በችኮላ ስለታለፉ ነው። ለኢንተርን ከሚሰጡ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ማስታወቂያውን ወደ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ማሳጠር ነው። ይህን ሥራ አይናቁት፤ ካውንቲው ያመልክት ወይስ ይተው የሚለው ውሳኔ የሚወሰደው በዚያ ማጠቃለያ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ብዙ ጊዜዎን የሚወስደው የችግሩ ገለጻ ይሆናል፤ የእርስዎ አስተዳደግ በእውነት የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ዋናው የቁጥር ምንጭ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው በየዓመቱ የሚያካሂደው የአሜሪካ ማኅበረሰብ ጥናት ነው። የአንድ ዓመቱ ግምት የሚወጣው 65,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው አካባቢዎች ብቻ ነው፤ ለትንንሽ ሰፈሮች የአምስት ዓመቱን ድምር መጠቀም ግድ ነው። ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ውስጥ ማቀላቀል የተለመደ ስሕተት ነው። ከእያንዳንዱ ግምት ጎን የተጻፈውን የስሕተት ወሰን፣ ማለትም ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት የሚችልበትን መጠንም ይመልከቱ፤ ግምቱ 400 ሆኖ ወሰኑ 250 ከሆነ፣ ያንን ቁጥር የክርክርዎ መሠረት ማድረግ አይገባም።

አሁን ስለ አማርኛ ተናጋሪዎች ቁጥር ፈልገው ያምጡ ቢባሉ ምን ያገኛሉ? በቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ በዝርዝር የሚያሳየው ሠንጠረዥ ቢ16001 አማርኛን ለብቻው አያስቀምጠውም፤ ከሶማሊኛና ከሌሎች አፍሮ እስያዊ ቋንቋዎች ጋር አንድ ላይ ይደምረዋል። ወደ ሰፈር ደረጃ ሲወርዱ የሚያገኙት አጠር ያለው ሠንጠረዥ ሲ16001 ደግሞ አማርኛን «ሌሎችና ያልተገለጹ ቋንቋዎች» በሚለው ውስጥ ይከተዋል። የትውልድ አገርን የሚያሳየው ቢ05006 «ኢትዮጵያ» የሚል መስመር አለው፤ የዘር ሐረግን የሚያሳየው ቢ04006 እንዲሁ። ነገር ግን ሁለቱም ቋንቋን አይቆጥሩም፤ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ሊሆን ይችላል፤ እዚህ የተወለዱት ልጆችም በትውልድ አገር ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኙም። ስለዚህ ሐቀኛው መንገድ ከሠንጠረዦቹ የሚገኘውን ከነገደቡ ጽፎ፣ በካውንቲው ውስጥ በተጠየቀ የአስተርጓሚ አገልግሎት መዝገብና በትምህርት ቤቶች የቤት ቋንቋ መረጃ ማጠናከር ነው። የአስተርጓሚው መዝገብ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ሰዎቹ መኖራቸውን ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱን መፈለጋቸውን፣ በየትኛው ቢሮና በየትኛው ወር እንደፈለጉትም ያሳያል። በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚኖር ሰው የሚያውቀውን ነገር ገምጋሚው ከሌላ ስቴት ሆኖ አያውቀውምና «ብዙ ነን» ማለት ብቻውን አያሳምነውም።

ከዚሁ ጋር አንድ ማሳሰቢያ ላክል። የቋንቋ አገልግሎትን በሚመለከት የቆዩ ማመልከቻዎች ብዙውን ጊዜ በ2000 የወጣውን የፕሬዚዳንት ትእዛዝ 13166 ይጠቅሳሉ። ያ ትእዛዝ በማርች 2025 ተሽሯል። የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበሉ ፕሮግራሞች በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር መድልዎን የሚከለክለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አንቀጽ 6 ግን አሁንም ሕግ ነው። ከአሮጌ ማመልከቻ አንቀጽ ገልብጠው ከማስገባትዎ በፊት የተጠቀሰው ደንብ በሥራ ላይ ያለ መሆኑን ማረጋገጥ ለኢንተርን የሚመች ጠቃሚ ሥራ ነው። ፍላጎቱን ሲያስረዱም በአካባቢው በሚታየው ችግር ላይ ይመሥርቱት፤ ለምሳሌ የምግብ ድጋፍ ማደሻ ቅጹን ባለመረዳታቸው ምክንያት አገልግሎቱ ስንት ቤተሰቦች ላይ እንደተቋረጠ መምሪያው መዝግቦ ከሆነ፣ ያ ከማንኛውም አጠቃላይ አባባል ይበልጣል።

ወደ በጀቱ ልለፍ። ተማሪዎች በጀትን ለሒሳብ ሠራተኞች የተተወ ነገር አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን የማመልከቻው እውነት የሚፈተነው በጀቱ ላይ ነው እላለሁ። ለማሳያ ያህል የፈጠርኩትን ምሳሌ ይመልከቱ። አንድ ፕሮጀክት ግማሽ ቀን የሚሠራ ኬዝ ማናጀር ቀጥሮ 120 ቤተሰቦችን ሊያገለግል፣ እያንዳንዱንም ቤተሰብ አንድ ሰዓት ተኩል በሚፈጅ ጉብኝት ስድስት ጊዜ ሊያይ ቃል ገባ እንበል። ሠራተኛው በሳምንት 20 ሰዓት ይሠራል፤ በዓላት፣ የዕረፍት ጊዜና ሥልጠና ተቀንሰው 46 ሳምንታት ቢቀሩ በጠቅላላው 920 ሰዓት አለው። የተገባው ቃል ግን ለጉብኝት ብቻ 1,080 ሰዓት ይጠይቃል፤ መንገዱ፣ የስልክ ጥሪውና መዝገብ መጻፉ ገና አልተቆጠሩም። ጽሑፉ የቱንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን ይህ ፕሮጀክት በጽሑፉ ልክ ሊፈጸም አይችልም። ይህን ማካፈልና ማባዛት በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሚሠራ ኢንተርን ለኬዝ ማናጀሩም ለቤተሰቦቹም ባለውለታ ነው፤ መፍትሔው ቤተሰቦቹን መቀነስ ወይም ሠራተኛውን ሙሉ ቀን ማድረግ እንደሆነም ገና ጊዜ ሳለ መነጋገር ይቻላል።

በዚያው ምሳሌ ገንዘቡን እንመልከት። የሙሉ ቀን ደመወዙ በዓመት 64,000 ዶላር ቢሆን ግማሹ 32,000 ነው፤ ጥቅማ ጥቅሙ 30 በመቶ ቢሆን 9,600 ይጨመራል፤ ለአስተርጓሚና ለመጓጓዣ 3,400 ቢያዝ ቀጥተኛው ወጪ 45,000 ይሆናል። በዚህ ላይ ተዘዋዋሪ ወጪ ይታሰባል፤ ይህም የሕንፃው፣ የሒሳብ ክፍሉ፣ የኮምፒውተር ድጋፉና የመሳሰለው ድርሻ ነው። የፌዴራል ግራንቶችን የሚገዛው አንድ ወጥ መመሪያ፣ ማለትም 2 ሲኤፍአር 200፣ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ተሻሽሎ ሲሠራ፣ ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተደራደረበት የተዘዋዋሪ ወጪ መጠን የሌለው ድርጅት ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠይቅ የሚችለውን ከ10 ወደ እስከ 15 በመቶ ከፍ አድርጎታል። በ15 በመቶ ብናሰላው 6,750 ይሆንና ጠቅላላው 51,750 ዶላር ይደርሳል። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ካውንቲ የራሱ የወጪ ድልድል ዕቅድ ስላለው 15 በመቶን በዘፈቀደ አይጻፉ፤ ስሌቱ የማያካትታቸው ወጪዎችም አሉ፤ ለምሳሌ ትልልቅ መሣሪያዎች፣ ለሌላ ድርጅት ከሚተላለፍ ገንዘብም ከመጀመሪያው 50,000 ዶላር በላይ ያለው። የሒሳብ ክፍሉን ሰው ቀደም ብለው ይተዋወቁ። ማመልከቻውን በመጨረሻው ቀን ብቻ የሚያይ የሒሳብ ባለሙያ ሊረዳዎት አይችልም።

አንዳንድ ግራንቶች ካውንቲው ከራሱ ተጓዳኝ መዋጮ እንዲያወጣ ይጠይቃሉ። ለቤት አልባ ሰዎች የሚሰጠው የኮንቲንዩም ኦፍ ኬር ገንዘብ ከሊዝ በስተቀር 25 በመቶ መዋጮ ይፈልጋል፤ ሄድ ስታርት፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ሕፃናት የሚሰጠው የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም፣ ከጠቅላላ ወጪው 20 በመቶው ፌዴራል ካልሆነ ምንጭ እንዲሸፈን ይጠይቃል። መዋጮው በዓይነትም ሊሆን ይችላል፤ በነፃ የተሰጠ ክፍል ወይም የበጎ ፈቃደኛ ሰዓት ይቆጠራል። ነገር ግን በማስረጃ መመዝገብ አለበት፤ ያንኑ ሰዓት ለሁለት ግራንቶች መቁጠርም አይቻልም። ከመዋጮ ጋር የሚነሳው ሌላው ጉዳይ የመተካት ክልከላ ነው። ካውንቲው አስቀድሞ በራሱ በጀት የሚከፍለውን ሠራተኛ ወደ ግራንቱ አዛውሮ የራሱን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ እንዳያውል ብዙ ፕሮግራሞች ይከለክላሉ።

ስለ ሰዎች ታሪክ አጠቃቀም በተለይ አጥብቄ ልናገር። ገምጋሚዎች የአንድን ቤተሰብ ታሪክ ማንበብ ይወዳሉ፤ ጸሐፊም ይህን ስለሚያውቅ ታሪክ ይፈልጋል። የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ግን ትንሽ ነው። «በዚህ ሰፈር የምትኖር፣ ባለፈው ዓመት የመጣች፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ባሏ በሌሊት ታክሲ የሚነዳ» ብለው ስሟን ሳይጠቅሱ ቢጽፉ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ስትወጣ የሚያውቃት ሁሉ ማን እንደሆነች ይረዳል። ለመንግሥት የቀረበ ማመልከቻ ደግሞ በሕዝብ መረጃ ጥያቄ ሊወጣ የሚችል ሰነድ ነው። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቀው በራሷ ቋንቋ፣ እምቢ ብትል አገልግሎቷ እንደማይነካ ተነግሯት ነው፤ ፈቃድ ካልተገኘ የአንድን ሰው ታሪክ ትቶ የብዙዎችን የተለመደ መንገድ መግለጽ ይሻላል። በቁጥርም ቢሆን በአንድ ሰፈር ሦስት ሰዎች ብቻ የተመዘገቡበትን ሕመም ወይም የቤት ውስጥ ጥቃት በሠንጠረዥ አያስቀምጡ። የደንበኞችን መረጃም በግል ኮምፒውተርዎም ሆነ ማንኛውም ሰው በሚጠቀምበት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ላይ አያስገቡ።

የማስረከቡ ሥርዓት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የፌዴራል ማመልከቻ በአብዛኛው ግራንትስ ዶት ጎቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ይገባል፤ ካውንቲው የገንዘብ ተቀባዮች በሚመዘገቡበት ሳም ዶት ጎቭ ያለው ምዝገባ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ፈርሞ የሚያስገባው የተፈቀደለት ተወካይ ብቻ ስለሆነ እርስዎ አያስገቡም። ከቀነ ገደቡ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ እንዲገባ ግን ሁልጊዜ ይወትውቱ፤ ሥርዓቱ ስሕተት አግኝቶ የሚመልስባቸው ማመልከቻዎች አሉና።

ስለ እንግሊዝኛዎ የሰጉትን በተመለከተ፣ የግራንት እንግሊዝኛ ደረቅና ግልጽ ነው። ማን፣ ለማን፣ ምን፣ በስንት ጊዜ፣ እንዴት ይለካል የሚለውን የሚመልስ ዐረፍተ ነገር ያሸንፋል። «የሰዎችን ሕይወት እንለውጣለን» ከማለት ይልቅ «ከ40 ተሳታፊዎች 28ቱ በስድስት ወር ውስጥ ሥራ ይዘው ቢያንስ 90 ቀን ይቆያሉ» ማለት ይበልጣል፤ 28 የተባለበት ምክንያት ደግሞ ካለፈው ዓመት ውጤት የተወሰደ መሆን አለበት። መምሪያውን ቀደም ሲል ገንዘብ ያገኘ አንድ ማመልከቻ፣ የዚያኑ ፕሮጀክት የመጨረሻ ሪፖርትና ካለ የኦዲት ግኝቱን አንድ ላይ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ሦስቱን ጎን ለጎን ማንበብ ከብዙ የሥልጠና መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል፤ ቃል የተገባው፣ የተፈጸመውና የጎደለው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይታያል።

ለማኅበረሰባችን ይጠቅማል ወይ ላሉት፣ በጣም ይጠቅማል። በዋሽንግተንና በአካባቢው ብዙ ማኅበራት፣ አድባራትና የእርዳታ ድርጅቶች በሰው ጉልበትና በመዋጮ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ፤ ግራንት ለማግኘት ሲሞክሩ ግን የሚጎድላቸው ሐሳብ ሳይሆን መዝገብ ነው። ማን እንደተረዳ፣ መቼ፣ በምን፣ በስንት ሰዓት እንደተረዳ አልተጻፈም። ስለዚህ ከኢንተርንሺፑ ይዘው የሚወጡት ጠቃሚ ነገር ማመልከቻ መጻፍ ብቻ አይደለም፤ ከማመልከቻው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ምን መመዝገብ እንዳለበት ማወቅም ነው። ትንሽ ድርጅት በቀጥታ ለፌዴራል መንግሥት ከማመልከቱ በፊት የካውንቲው ንዑስ ተቀባይ፣ ማለትም ካውንቲው ካገኘው ግራንት ከፊሉን የሚቀበል ሆኖ መጀመሩ በአብዛኛው የተሻለ ነው፤ ሪፖርትና ሒሳብ አያያዝ እየተማረ ያድጋል። በአንድ የበጀት ዓመት 1,000,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የፌዴራል ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅት ልዩ ኦዲት እንደሚያስፈልገው፣ ሰነዶችም የመጨረሻው የሒሳብ ሪፖርት ከቀረበ በኋላ ለሦስት ዓመት መቀመጥ እንዳለባቸው ከወዲሁ ሊነግሯቸው ይችላሉ።

«ግራንት ጻፊልን፤ ከሚገኘው ይህን ያህል በመቶ እንሰጥሻለን» የሚል ጥያቄም ይመጣልዎታል፤ የሚጠይቁት ሰዎች ቅን ናቸው፣ አሁን የሚከፍሉት ስለሌላቸው ነው። በዚህ መልክ አይስማሙ። የግራንት ባለሙያዎች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በመቶኛ መከፈልን ይከለክላል፤ ለአገልግሎት የተሰጠ ገንዘብም ለጸሐፊ ኮሚሽን እንዲሆን አልተሰጠም። በሰዓት የተወሰነ ክፍያ ወይም በግልጽ የተነገረ በጎ ፈቃድ ይሻላል።

ከመስማማትዎ በፊት መምሪያውን የሚጠይቁት ጥቂት ነገር አለ። በሴሚስተሩ ውስጥ ቀነ ገደቡ የሚደርስ ቢያንስ አንድ ማመልከቻ አለ ወይ? ከፕሮግራም ሠራተኞችና ከሒሳብ ክፍሉ ጋር እንድቀመጥ ይፈቀድልኛል ወይ? ረቂቄን በየሳምንቱ የሚያርምልኝ ማን ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ የለም ከሆነ ሪፖርት የሚቀርብበት ፕሮጀክት ላይ እንዲመድቡዎት ይጠይቁ፤ ትምህርቱ አያንስም። ያለ ክፍያ መሆኑ ለእርስዎ ቀላል እንዳልሆነ እገምታለሁ፤ የትራንስፖርት ድጎማ ወይም ከዩኒቨርሲቲው የሚሰጥ የኢንተርንሺፕ ድጋፍ መኖሩን ሁለቱንም ወገን መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ሰዓቱንም ከሚሠሩበት ሥራ ጋር እንዲስማማ መደራደር ይችላሉ። በተማሪ ቪዛ ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ክፍያ ባይኖረውም የዩኒቨርሲቲያቸውን የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሳያስፈቅዱ ሥራ መጀመር የለባቸውም። በመጨረሻም የጻፉትን ክፍል ለወደፊት ሥራ ማመልከቻ እንደ ናሙና ለማሳየት እንዲችሉ፣ የትኛው ገጽ የእርስዎ እንደሆነና የትኛው መረጃ እንደሚሰረዝ የሚገልጽ የጽሑፍ ፈቃድ ከአለቃዎ ገና ሥራ ላይ ሳሉ ያስፈርሙ፤ ከወጡ በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል።